ሁለት ጡጫ

የደን ቢሮው ባለሙያ የተለኩትን ዛፎች ዝርዝር ማንበብ ሲጀምር ችግኜ፣ ልጇ መድረክ ላይ ተጠርቶ እንደሚሸለምላት እናት ቀና ብላ ተቀመጠች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት በደን ማኅበሩ ችግኝ ጣቢያ ጎንበስ ብላ «ችግኜ፣ ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆነሻል ዛሬ?» እያለች ከቡቃያ ጋር ስታወራ የሰማት ሁሉ ስሙን መልሶ ለራሷ ሰጣት። አሁን መታወቂያዋን ካላየ በቀር ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ ሰው የለም።

አዳራሹ ሞቋል። ግድግዳው ላይ ካለፉት ሦስት ስብሰባዎች የተረፉ ቢጫና አረንጓዴ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። «ደኑ ለእናንተ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሕዝቡ የጻፋቸው ናቸው። «ጥላ» ይላል አንዱ። «ማር» ይላል ሌላው። «ምንጩ እንዳይደርቅ» ይላል ሦስተኛው። አንዱ ደግሞ «ምሳ ስንት ሰዓት ነው?» ይላል፤ የማንም ሐሳብ አይጣልም ስለተባለ እሱም ከነጥያቄ ምልክቱ ተለጥፎ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት እስካሁን መልስ ያገኘው እሱ ብቻ ነው።

«ቁጥር ሠላሳ አንድ» አለ ባለሙያው። «ዝግባ። ዙሪያው ሁለት ሜትር ከሦስት ሴንቲ።»

ችግኜ አጠገቧ የተቀመጠችውን አክስቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት። አክስቷ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ ያላረጀ ሴት ናት።

«ሰማሁ» አለች አክስቷ። «ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?»

«ቁጥር ሠላሳ ሁለት። ጥድ። ሁለት ሜትር ከአንድ።»

እንዲህ እያለ ባለሙያው አርባ አራት ዛፍ አነበበ። ሲጨርስ ከፊት የተቀመጠው የማኅበሩ ሊቀመንበር ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሊቀመንበሩ ካጨበጨበ ደግሞ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ስለዚህ ባለሙያው ቀጥሎ ያለውን የሰማው ሰው ጥቂት ነበር።

«ከሁለት ሜትር ያለፉት እነዚህ አርባ አራቱ ያረጁ ተብለው ተመድበዋል» አለ። «ለታዳጊዎቹ ብርሃን እንዲለቁ በሚቀጥለው ወር ይነሣሉ።»

«ይነሣሉ?» አለች ችግኜ ከተቀመጠችበት። «ተነሥተው ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ይቆረጣሉ፣ እትዬ።» ወረቀቱን ገለበጠ። «ሂደት ነው።»

ጭብጨባው ገና አላለቀም ነበር።

ቁጥር ሠላሳ አንድ ማን እንደሆነች ያላወቀ ሰው የችግኜን ንዴት አያውቀውም። ደኑ ውስጥ ዝግባ አለ፤ ግን ዝግባ ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። እዚያ ደን ውስጥ ድሮ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷን መብረቅ መታት፣ አንዷ መንገድ ሲሠራ ሄደች። የቀረችው ከምንጩ በላይ፣ ቋጥኙ ሥር ያለችው ናት። ችግኜ በየዓመቱ ከሥሯ ተንበርክካ ፍሬዋን ትለቅማለች፣ ሥጋውን አጥባ ታነሣለች፣ አፈር ውስጥ አስተኝታ ወራት ትጠብቃለች። ዝግባ ችኩል አይደለም። ከመቶው አርባ ከበቀለላት ያ ዓመት ጥሩ ዓመት ነው። ጣቢያው ውስጥ ካለው የዝግባ ችግኝ አንድም የሌላ እናት ልጅ የለም። ያቺ ዛፍ ከሄደች የችግኜ ሥራ የባሕር ዛፍ ማፍላት ይሆናል፤ የባሕር ዛፍ ደግሞ ያለ እሷም ይበቅላል።

ልኬቱ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ቢሮው «ደኑን ኅብረተሰቡ ራሱ ይለካው፤ ተሳትፎ ማለት ይህ ነው» አለና አንድ ጥቅል ሜትር፣ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና አንድ መዝገብ ላከ። ባለሙያው መጥቶ አሳያቸው፤ ግንዱ ላይ በደረት ቁመት ጠምጥሙ፣ አንብቡ፣ ጻፉ፣ ቁጥር ቀቡ። «ለምንድን ነው የምንለካው?» ብላ ችግኜ ጠየቀችው። «ለመረጃ ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ የሚያስረዳ ሰው ስላልነበረ ራሳቸው አሰቡበት። እንግዲህ ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ድሀ ራሱ ሲያስብ በደግ ነው የሚያስበው።

የቢሮው በር ላይ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። ዙሪያው በብረት ታጥሯል፤ አጥሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ላይ «ዙሪያው ሦስት ሜትር ከአርባ» የሚል ተጽፏል። ሰው ሁሉ ማመልከቻ ይዞ ሲገባና ማመልከቻውን ይዞ ሲወጣ ያየዋል። የችግኜ አክስት ነገሩን ከዚያ ወይራ ላይ አነበበችው።

«ወፍራም ሰው ወንበር ይለቀቅለታል» አለች። «ዛፍም እንደዚያው ነው። የወፈረውን ያጥሩታል፣ የቀጠነውን ማን ያየዋል?»

ይህን ብላ የመጀመሪያው ዛፍ ላይ ሜትሩን ሲጠመጥሙ ቡጢዋን ጨብጣ ከሜትሩ ሥር ከተተች። ሜትሩ በጡጫዋ ላይ ተወጥሮ አለፈ፤ ዛፉ በሰባት ሴንቲ ወፈረ።

«አክስቴ፣ ኃጢአት አይሆንም?»

«ለዛፍ መዋሸት ኃጢአት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ይልቅ አንቺም በዚያ በኩል አግዢኝ።»

ችግኜም በበኩሏ ጡጫዋን ከተተች። ሁለት ጡጫ አሥራ አራት ሴንቲ ነው። ባለሙያው ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ያይ ነበር። ሁለቱ ሴቶች አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ እያደረጉ መቶ አርባ ስድስት ዛፍ አወፈሩ። የጣታቸው መገጣጠሚያ ተልጦ፣ ሙጫ ተለጥፎበት ማታ ማታ እየተሳሳቁ ወደ ቤታቸው ይወርዱ ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። እነዚያ ዛፎች አሥራ አንድ ቀን ዋሉ፤ ልዩነቱ አራጆቹም አለማወቃቸው ነው።

ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ችግኜ ወደ ሊቀመንበሩ ሱቅ ሄደች። ሊቀመንበሩ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሥራው አናጢነት። ከተመረጠ ጀምሮ የማኅበሩን ማኅተም በመሐረብ ጠቅልሎ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ እንጨት ሲልግ እንኳ አያወጣውም። ሚስቱ «ለደረቱ ከኔ ይልቅ እሷ ናት የምትቀርበው» ትላለች። ችግኜ ስትደርስ አንድ የመስኮት ፍሬም ጠረጴዛው ላይ አስሮ ይልግ ነበር፤ ወለሉ በፍቅፋቂ ተሸፍኗል።

«ጋሼ፣ ልኬቱ ልክ አይደለም» አለችው፤ ከዚያም ስለ ጡጫው ነገረችው።

መላጊያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ስንቱ ዛፍ ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

«መቶ አርባ ስድስቱም ላይ?»

«አክስቴ ናት የጀመረችው። እኔም...»

«እሷማ ትጀምራለች።» አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አለ፣ የቀረውን ሳይጨርስ። ድስቱ መጣዱን ሁለቱም ያውቁታል።

«ሄደህ ንገራቸው። ድጋሚ ይለካ በል። ሊቀመንበር አይደለህ?»

«አንቺ ስሚኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሱቁ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው ባይኖርም። «የደኑ የጋራ አስተዳደር ስምምነት የቢሮው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ፊርማ ነው የቀረው። ስምምነቱ የቆመው ምን ላይ ነው? መዝገቡ ላይ። እኛው ራሳችን ተነሥተን መዝገቡ ውሸት ነው ካልን ምን ይላሉ? እነዚህ ሰዎች ዛፍ አቅፈው መለካት እንኳ አይችሉም፣ ደን እንዴት ያስተዳድራሉ ይላሉ። ደኑ ተመልሶ የነሱ ብቻ ይሆናል። የወደቀ ጭራሮ ለመልቀም ማመልከቻ የምንጽፍበትን ዘመን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። እናታቸው ለአንድ እስር ጭራሮ ከጠዋት እስከ ማታ የጥበቃው ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ውላለች፤ ጥበቃው ምሳውን በልቶ፣ ተኝቶ፣ ተነሥቶ እስኪለቃት ድረስ። ሁለቱ ልጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዩ ነበር። ወንድሟ ሊቀመንበርነቱን የፈለገው ለዚያ ቀን ብሎ መሆኑን ታውቃለች፤ ማወቋ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ክፉ ሰው ቢሆን መሳደብ ቀላል ነበር።

«ታዲያ አርባ አራቱ ይቆረጡ?»

«መቶ ሁለት ይተርፋሉ።»

«እሷ ከሌለች የሚተርፈው ዝግባ ዘር የለውም፣ ጋሼ። መካን ደን ነው የሚሰጡህ።»

«ዝም አይነቅዝም፣ እኅቴ።»

«ስለ ነቀዝስ አንተ ታውቃለህ» አለችውና በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

በማግስቱ ቢሮ ሄደች፤ ባለሙያው መስክ ወጥቷል ተባለች። መስኩ ማለት ደኑ ነው፤ እሷ ከደኑ ነው የመጣችው፤ አላገኘችውም። በሦስተኛው ቀን ሄደች፤ ሥልጠና ላይ ነው ተባለች። «የምን ሥልጠና?» ብላ ብትጠይቅ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» አሏት። በአምስተኛው ቀን አገኘችው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያና መስኮቱ ላይ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሀገር በቀል ችግኝ ስታፈላ ለኖረች ሴት፣ ከዚያ አበባ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ስለ ደን ማውራት ራሱን የቻለ ቅጣት ነበር።

ባለሙያው ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትሑት ነው፣ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት። የጡጫውን ነገር ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ስታበቃ አልሳቀም።

«እትዬ፣ ይህንን ለማን ነገሩ?»

«ለወንድሜ። አሁን ደግሞ ላንተ።»

«አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ተሳስቷል ማለት ነው። ሁሉም ከተሳሳተ መዝገቡ ይመለሳል። መዝገቡ ከተመለሰ ስምምነቱም ይመለሳል። የሚመጣው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ይግባ አይግባ እኔ አላውቅም።»

«ሁሉን ለካልኝ አላልኩህም፣ ልጄ። አንዷን ብቻ። ሠላሳ አንድን። የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ምሳህን እኔ እይዝልሃለሁ።»

«ሂደት አለው።»

«ይሄ ሂደት የምትሉት እግር የለውም እንዴ? ዓመቱን ሙሉ ሄደ ሲባል እሰማለሁ፤ ሲደርስ ግን አላየሁም።»

አንገቱን ደፋ። ከመሳቢያው ቅጽ አወጣና «አስተያየት» በሚለው ረድፍ ላይ መጻፍ ጀመረ። ችግኜ ማንበብ ትችላለች፤ በግልባጩም ቢሆን። «አንድ የኅብረተሰብ አባል ስለ ልኬት አስተያየት ሰጥተዋል» ይላል።

«እንዲህ ነው ያልኩህ?»

«ማጠቃለያው ነው፣ እትዬ። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። እርስዎም አባል ነዎት፤ እዚያ ይናገሩት።» ይህን ሲል ዓይኖቿን አላየም። እውነት ለመናገር የመከራትም እሱ ብቻ ነበር።

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። አምስቱ ከቢሮው፣ ሁለቱ ከኅብረተሰቡ፤ ሁለቱ ማለት ሊቀመንበሩና ችግኜ። እሷ የሴቶች ተወካይ ናት። የሴቶች ተወካይ ወንበር በሩ አጠገብ ነው፤ ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ካላለች በሩ አይከፈትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ቃለ ጉባኤው ስለ እሷ የጻፈው አንድ ነገር ቢኖር «ተገኝተዋል» የሚል ነው።

ያን ሐሙስ ግን ተናገረች። ተነሥታ፣ ከመጀመሪያው ጡጫ ጀምራ፣ የወይራውን አጥር ሳትረሳ፣ ሁሉንም ተናገረች። እጇን ጨብጣ አሳየቻቸው። «ይህቺ ናት» አለች። «ይህቺን ያህል በዚህ በኩል፣ ይህቺን ያህል በዚያ በኩል። ውሸቱ የኔና የአክስቴ ነው፤ የዛፏ አይደለም። ዛፏን ለኩልኝ።»

ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ሞቅ ያለ ሳቅ ነበር፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። የቢሮው ኃላፊ ረጋ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ግልጽነትዎን ከልብ አደንቃለሁ» አለች። «እውነተኛ ተሳትፎ ይሄ ነው።» ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «እንግዲህ መዝገቡ የኅብረተሰቡ ነው፤ እኛ በናንተ መዝገብ አንገባም። ማኅበሩ በመዝገቡ ይጸናል ወይስ አይጸናም?»

ስምምነቱ ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል፤ ብዕሩ ከላዩ ላይ ተጋድሟል። ወንድሟ እጁን ወደ ሸሚዝ ኪሱ ወሰደ። ማኅተሙን እንዳለ ነካው፤ ልብ ያመመው ሰው ይመስል ነበር።

«ይጸናል» አለ።

ወደ በሩ በኩል አላየም። ኃላፊዋ ፈረመች፣ እሱም መሐረቡን ፈትቶ ማኅተሙን አሳረፈ፣ ሰዎቹ አጨበጨቡ፣ አንዱ ፎቶ አነሣ። የሃያ ዓመት ልመና በአንድ ደቂቃ አለቀ፤ ችግኜም ያን ደቂቃ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ሆና ማጨብጨብ አቃታት። እጇ አሁንም እንደተጨበጠ ነበር።

ቃለ ጉባኤው ተነበበ። «ስለ ልኬት የቀረበው አስተያየት ውይይት ተደርጎበት በስምምነት ታልፏል» ይላል።

«ማን ተስማማ?» አለች።

«ሁላችንም፣ እትዬ» አለ ጸሐፊው። «እርስዎም ነበሩ።»

«አልፈርምም።»

«ችግር የለውም። መገኘትዎን ፎቶው ላይ ይዘነዋል።»

ሲወጡ ወንድሟ ደጅ ላይ፣ በወይራው አጥር አጠገብ፣ ተከትሎ ደረሰባት። ስምምነቱን በክላሰር አቅፎታል። «አንቀጽ ዘጠኝ» አለ። «ማንኛውም ዛፍ ሲቆረጥ የኅብረተሰቡ ተወካይ ቁጥሩን ያረጋግጣል ይላል። አንቺን ጽፌሻለሁ። ቢያንስ ሌላ ዛፍ እንዳይጨምሩ ታያለሽ።»

«እናታችንን እንደዚያ አስቀምጦ ያዋላት አንድ ሰው ነበር» አለችው። «አሁን ስንት ሆንን?»

ክላሰሩን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ። እሷም መንገዷን ቀጠለች።

ቆራጮቹ የመጡት በወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አራት ናቸው፤ ሁለት የሞተር መጋዝ፣ አንድ ገመድና አንድ ወረቀት ይዘዋል። ወረቀቱን የያዘው አለቃቸው ነው፤ ደንዳና ትከሻ ያለው፣ ብዕሩን ጆሮው ላይ የሰካ ሰው። ሥራውን ከምንጩ በላይ ካለው ጀምሮ ወደ ታች እንዲወርድ አዘውታል። ችግኜ ቀድማ ደርሳ ቆማ ነበር። አክስቷም በምርኩዝ፣ እያረፈች፣ ጉልበቷን እየረገመች ወጥታለች። ማንም አልጠራትም። «የጀመርኩትን ልጨርስ» ነው ያለችው።

«ሠላሳ አንድ» አለ አለቃው ነጩን ቁጥር አይቶ። «ዝግባ፣ ሁለት ከሦስት። ተወካይዋ እርስዎ ነዎት? ያረጋግጡልኛ።»

«ለካት» አለች ችግኜ፤ ያንኑ ሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው።

አልተከራከረም። ሜትሩን ግንዷ ላይ በደረት ቁመት ጠመጠመ፣ ወጠረ፣ አነበበ። አንድ ሜትር ከሰማንያ ዘጠኝ። ወረቀቱን አየ፣ ሜትሩን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጥር ከቁጥር ሲገጥምለት ደስ የሚለው ዓይነት ሰው ነበር፤ አሁን ግን አልገጠመለትም።

«ይሄ ነገር አይገናኝም» አለ። «መዝገቡን የለካው ማነው?»

«እኛ ነን» አለች አክስቷ።

«እንዴት ነው የለካችሁት?»

ችግኜ ቀና አለች። ከዓመት ወዲህ ይህንን ጥያቄ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው ይህ ነበር። በአዳራሹ፣ በቢሮው፣ በኮሚቴው ያልተጠየቀው ጥያቄ እዚህ፣ መጋዝ በያዘ ሰው አፍ መጣ። ቢያንስ ይህ ሰው በዓይኑ ያያል፣ ተመልሶ ይናገራል፣ ሜትሩን ያየ ሰው ዝም አይልም ብላ አሰበች።

«እንዲህ ነዋ» አለች አክስቷ። ምርኩዟን ቋጥኙ ላይ አስደገፈች፣ ጡጫዋን ጨብጣ ከሜትሩ ሥር ከተተች።

ሜትሩ ተወጠረ። ችግኜ ጎንበስ ብላ አነበበች። አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት።

እንደገና አነበበችው። አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት፤ አራት ሴንቲ ሲቀረው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁልጊዜ ሁለቱን ጡጫ አንድ ላይ ነበር የምታስበው፤ ለብቻ ለብቻ ቆጥራቸው አታውቅም። የአክስቷ ጡጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛፏ ዝርዝሩ ውስጥ አትገባም ነበር። «ኃጢአት አይሆንም?» ብላ ጠይቃ፣ መልሱን ሳታምን፣ እጇን የከተተችው እሷ ናት። ከሁለት ሜትር በላይ ያወጣት የሷ እጅ ነው። ይህን ለአክስቷ አልነገረቻትም፤ አሮጊቷ ግን ሜትሩን ማንበብ ባትችልም የእኅቷን ልጅ ፊት ማንበብ ትችላለች፤ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች።

«ከዚያስ?» አለ አለቃው።

«ከዚያማ» አለች ችግኜ፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። ጡጫዋን በዚህ በኩል፣ ያን ጊዜ ካስገባችበት ቦታ ላይ አስገባች። ቅርፊቱ ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር።

አለቃው ጎንበስ ብሎ አነበበ። ፊቱ ፈካ።

«ሁለት ሜትር ከሦስት» አለ። «ይኸው፣ ገጠመ። መዝገቡ ልክ ነው።» ብዕሩን ከጆሮው ላይ አውርዶ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። «ተረጋግጧል። ዕዳ አወረዳችሁልኝ። በሉ እጃችሁን አውጡ፣ መጋዙ ሊነሣ ነው።»

ችግኜ ለመናገር አፏን ከፈተች። ያልተናገረችው ምን ቀረ? ለወንድሟ ተናግራለች፣ ለባለሙያው ተናግራለች፣ ኮሚቴው ፊት ቆማ ተናግራለች፣ አሁን ደግሞ በሜትር አሳይታለች። አፏን መልሳ ዘጋችው። እጇን ግን አላወጣችም።

«እናቴ፣ እጅዎን ያውጡ እንጂ።»

አላወጣችም። አክስቷም አላወጣችም። ሜትሩ በሁለት ጡጫ ላይ ተወጥሮ፣ አሮጊቷ በዚያ በኩል፣ ችግኜ በዚህ በኩል፣ ዛፏን መሀል አድርገው ቆሙ። ቆራጮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ሳቅ አለ፣ ወዲያው ተወው። አለቃው ፀሐዩን አየ፣ ወረቀቱን አየ።

«ሴትዮዎቹን እጃቸውን ይዘን አንጎትትም» አለ በመጨረሻ። «ከሠላሳ ሁለት እንጀምር። ለዚህኛው ከሰዓት እንመለሳለን፤ እስከዚያ ይደክማቸዋል። ማረጋገጫው እንደሆነ ተይዟል።»

ዕቃቸውን አንሥተው ቁልቁለቱን ወረዱ። ጥቂት ቆይቶ መጋዙ ጮኸ። ችግኜ በዛፏ ዙሪያ አሻግራ ነፃ እጇን ዘረጋችና የአክስቷን ክንድ ያዘች። ድምፁ ለረጅም ጊዜ ሳይቋረጥ ቆየ፤ ከዚያ ቆመ፤ ከዚያ አንድ ነገር ሰነጠቀና መሬቱ ከእግራቸው ሥር ደነገጠ።

«የቱ ነው?» አለች አክስቷ።

«ሠላሳ ሁለት። ጥዱ።»

«ስንት ብለን ነበር እሱን?»

«ሁለት ሜትር ከአንድ።»

ችግኜ ከሁለት ሜትር ከአንድ ላይ አሥራ አራት ቀነሰች።